አዙሪትን በሁለት ነጥብ ማሰር

ልጅ ሆኖ ጆሮውን የስልክ እንጨት ላይ ለጥፎ ያላዳመጠ የጉለሌ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ በተለይ ነፋስ በሚበረታበት የበጋ ከሰዓት በኋላ፣ እንጨቱ ከውስጡ "ኡኡኡም…" ይላል። ለዚህ ድምፅ በየሰፈሩ የሚሰጠው ማብራሪያ ብዙ ነው። አንዱ "ሰው በስልክ እያወራ ነው" ይላል፤ ሌላው "ኤሌክትሪኩ ነው የሚጮኸው" ይላል፤ የባሰበት ደግሞ ነገሩን ከሰይጣን ጋር ያገናኘዋል። የሚጮኸው ግን ነፋሱ ነው። በትክክል ለመናገር፣ ነፋሱ ሽቦውን አልፎ ሲሄድ ከኋላው ጥሎት የሚሄደው አዙሪት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነፋስ ክብ ነገርን ሲያልፍ ዝም ብሎ አያልፍም። ከሽቦው ኋላ ትንንሽ አዙሪቶች ይፈለፈላሉ፤ አንዱ ከላይ፣ ቀጥሎ ከታች፣ ደግሞ ከላይ፣ ደግሞ ከታች። እያንዳንዱ ሲላቀቅ ሽቦውን ትንሽ ይገፋዋል፤ ግፊቱ ሲደጋገም ሽቦው ይርገበገባል፤ እንጨቱ ይህንን ተቀብሎ ወደ ጆሯችን ያደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1878 ቪንሴንስ ስትሮሃል የተባለ የቼክ ተወላጅ የፊዚክስ ሰው በነፋስ የሚዘፍኑ ሽቦዎችን ሲያጠና ድምፁ የሚወሰነው በነፋሱ ፍጥነትና በሽቦው ውፍረት መሆኑን አገኘ። በዛሬ አነጋገር ስሌቱ ቀላል ነው፦ ፍጥነቱን በውፍረቱ አካፍሉና በ0.2 አባዙት። ሽቦው 3 ሚሊ ሜትር፣ ነፋሱ በሰከንድ 4.5 ሜትር ከሆነ አዙሪቶቹ በሰከንድ 300 ጊዜ ያህል ይመላለሳሉ። ይሄ ጆሮ በደንብ የሚሰማው ድምፅ ነው። ሰይጣን የለበትም።

ጨዋታው የሚያበቃው ሽቦው ሲወፍር ነው። 30 ሚሊ ሜትር የሚወፍር የከፍተኛ ኃይል ገመድ በሰከንድ 6 ሜትር ነፋስ ውስጥ በሰከንድ 40 ጊዜ ይገፋል። ነፋስ ደግሞ እንደ ቢሮ ሠራተኛ በ11 ሰዓት ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ሌሊቱንም ይሠራል። ብረት በዚህ ዓይነት መንቀጥቀጥ ይደክማል፤ ገመዱ ከምሰሶው ጋር በሚታሰርበት ቦታ ላይ ክሩ አንድ በአንድ ይበጠሳል። ከከተማ ወጣ ስትሉ የከፍተኛ ኃይል መስመር ካያችሁ ወደ ምሰሶው ጠጋ ብላችሁ ቀና በሉ። ገመዱ ላይ የስፖርተኛ ዳምቤል የምትመስል ትንሽ ነገር ተንጠልጥላ ታያላችሁ። ለጌጥ አይደለችም። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የመብራት ኩባንያ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ጆርጅ ስቶክብሪጅ የፈለሰፋት መንቀጥቀጥ የምትውጥ መሣሪያ ናት። ርካሽ ናት፤ ሴንሰር የላትም፤ ኮምፒውተር የላትም፤ ትሠራለች።

ነገር ግን ልብ በሉ፦ ስቶክብሪጅ አዙሪቱን አልነካውም። አዙሪቱ እንደ ልቡ ይፈለፈላል፤ ዳምቤሏ የምትውጠው ጣጣውን ብቻ ነው። አዙሪቱን ራሱን "ቁም" ማለት ይቻላል ወይ? ዛሬ ልጽፍላችሁ ያሰብኩት የዚህን ጥያቄ ታሪክ ነው። ባልደረቦቼ በፖለቲካው ይራቀቁ፤ እኔ ነፋስ ላይ ልጻፍ። (ሁለቱ ያን ያህል አይራራቁም የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ።)

የጥያቄው ክብደት ከምን እንደሚመጣ ለማየት የቡና ሥርዓት ላይ ያለውን የእጣን ጢስ ተመልከቱ። ከማጨሻው ተነስቶ አንድ ስንዝር ያህል እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከዚያ ድንገት ይጠማዘዛል፣ ይጠቀለላል፣ ይበታተናል። የዚያን ጢስ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ የሚገዛው ቀመር ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ታውቋል፤ የናቪየርና የስቶክስ ቀመር ይባላል። ችግሩ ቀመሩን መፍታት ነው። ዛሬ እንኳን በኮምፒውተር ለመፍታት ቦታውን በሺህና በሚሊዮን በሚቆጠሩ ትንንሽ ክፍሎች መከፋፈል ያስፈልጋል። መልሱ እስኪመጣ ድረስ አዙሪቱ ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። ለመቆጣጠር ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ዘግይቶ የመጣ ትክክለኛ መልስ፣ ካለፈ ታክሲ ኋላ እንደመሮጥ ነው።

ስለዚህ ብልሆቹ ሌላ ጥያቄ ጠየቁ፦ ስለ አዙሪት ማወቅ ያለብኝ ትንሹ ነገር ምንድን ነው?

የመጀመሪያውን መልስ የሰጠው በሙያው ሐኪም የነበረ ሰው ነው። ሄርማን ሄልምሆልትስ የዓይንንና የጆሮን አሠራር ሲመረምር የኖረ ጀርመናዊ ነበር፤ በ1858 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ግን ፈሳሹ ውስጣዊ ፍትጊያ የለውም ብለን ከተነሣን አዙሪት በቀላሉ የማይጠፋ፣ ከፈሳሹ ጋር አብሮ የሚጓዝ ነገር መሆኑን አሳየ። ከዚህ ተነስቶ የአገሩ ልጅ ጉስታቭ ኪርክሆፍ በ1876 እ.ኤ.አ. ነገሩን እስከ መጨረሻው አቀለለው። አዙሪቱን አጥብቃችሁ ጨምቃችሁ አንዲት ነጥብ አድርጉት አለ። ነጥቧ በዙሪያዋ ያለውን ሁሉ ታሽከረክራለች፤ ራሷን ግን አታንቀሳቅስም። እሷን የሚያንቀሳቅሷት ሌሎቹ ነጥቦች ናቸው። በቃ! ሚሊዮን ቁጥር የነበረው ነገር ለእያንዳንዱ አዙሪት ሁለት ቁጥር ብቻ ሆነ፦ ወደ ጎን የት ናት፣ ወደ ላይ የት ናት።

ይህ እርግጥ ውሸት ነው። እውነተኛ አዙሪት ነጥብ አይደለም፤ ሆድ አለው፤ ይሰፋል፤ ይሟሟል፤ ያረጃል። እንዲያውም በዚህ ሐሳብ ፍቅር የወደቀው የብሪታንያው ሎርድ ኬልቪን በ1867 እ.ኤ.አ. "አተሞች ማለት እኮ አዙሪቶች ናቸው" እስከ ማለት ደርሶ ነበር። ወዳጁ ታይት የጢስ ቀለበቶች እርስ በርሳቸው ሲገፋፉ ስላሳየው ነው። የአተሙ ነገር የትም አልደረሰም። ነጥቧ ግን ተረፈች።

አሁን ወደ ጎቲንገን እንሂድ፤ ጀርመን ውስጥ ነው፤ ዘመኑ 1911 እ.ኤ.አ.። የፈሳሽ ሳይንስ አባት የሚባለው ሉድቪግ ፕራንትል ሂመንትስ ለተባለ ተማሪው ሥራ ይሰጠዋል፦ በውኃ ቦይ ውስጥ ሲሊንደር አቁምና ውኃው ሲያልፍ ዙሪያውን ያለውን ግፊት ለካልኝ። ቀላል ሥራ ይመስላል። ሂመንትስ ግን ጭንቅ ውስጥ ገባ። ውኃው አልረጋ አለው። ከሲሊንደሩ ኋላ ግራ ቀኝ ይወዛወዛል። ፕራንትል ሲሊንደርህ ክብ አይደለም አለው፤ ልጁ እንደገና ሞረደው። ውኃው ተወዛወዘ። ቦይህ የተዛባ ነው አለው፤ ቦዩን አስተካከለ። ውኃው ተወዛወዘ! በዚያው ቤት የነበረው ወጣቱ ሃንጋሪያዊ ቴዎዶር ፎን ካርማን በየጠዋቱ ሲያገኘው ረጋልህ ወይ ብሎ ይጠይቀዋል፤ ሂመንትስም እያዘነ ሁልጊዜ ይወዛወዛል ብሎ ይመልስለታል። ታሪኩን በኋላ ያወራው ካርማን ራሱ ነው።

ካርማን ሳይመለከት አላለፈም። ሁልጊዜ የሚወዛወዝ ከሆነ መወዛወዙ ስህተት ሳይሆን ተፈጥሮው ነው ብሎ አሰበ። አዙሪቶቹን ነጥብ አደረጋቸው፤ በሁለት ረድፍ ደረደራቸው፤ የትኛው አሰላለፍ እንደሚጸና በወረቀት አሰላ። ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ከቆሙ ሰልፉ ይፈርሳል። ተሰባጥረው ከቆሙ፣ ያውም የረድፎቹ ርቀት በአንድ ረድፍ ላይ ባሉ ሁለት አዙሪቶች መካከል ካለው ርቀት 0.281 እጥፍ ከሆነ ብቻ፣ ሰልፉ ይጸናል። ምስኪኑ ሂመንትስ የሞረደው ሲሊንደር ምንም ጥፋት አልነበረበትም።

ያ ሰልፍ ዛሬ "የካርማን የአዙሪት ጎዳና" ይባላል። ፈረንሳዮች በዚህ ስም ተቀይመዋል፤ አንሪ ቤናር የሚባለው የእነሱ ሰው አዙሪቶቹን ቀድሞ ፎቶ አንስቷቸው ነበርና። ካርማንም ቀልደኛ ስለነበር በለንደንና በበርሊን የካርማን መንገድ ይባል፣ በፓሪስ ደግሞ የአንሪ ቤናር ጎዳና ይባል ብሎ አስታረቀ። የመንገድ ስም ጣጣ የእኛ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎቹ መጻሕፍት ካርማንን አጨብጭበው ያልፋሉ። እኔ ግን የዚህ ታሪክ እውነተኛ ባለቤት ቀጥሎ የመጣው ሰው ነው ባይ ነኝ። ሉድቪግ ፎፕል ይባላል፤ የፕራንትል የሚስቱ ወንድም ነው። በ1913 እ.ኤ.አ. ያወጣት ጽሑፍ ያን ጊዜ ብዙም ወሬ አላስነሳችም። ካርማን የጠየቀው አዙሪቶቹ ከሄዱ በኋላ እንዴት ይሰለፋሉ ብሎ ነው። ፎፕል ደግሞ ከመሄዳቸው በፊት ያለውን ጠየቀ። ውኃው ገና ዝግ ባለ ጊዜ ከሲሊንደሩ ኋላ ሁለት አዙሪቶች መንታ ሆነው፣ አንዱ በላይ አንዱ በታች፣ ተቀምጠው ይታያሉ። አይሄዱም፤ እዚያው ይሽከረከራሉ። እነዚህን ሁለት ነጥቦች የት ብናስቀምጣቸው ነው ባሉበት የሚቆዩት?

መልሱ የሚያምር ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ታገሡኝ። በዚህ ሒሳብ እያንዳንዱ አዙሪት በሲሊንደሩ ሆድ ውስጥ በመስታወት እንደሚታይ ምስል አለው። ሁለቱ መንትዮች ባሉበት የሚጸኑት፣ በመካከላቸው ያለው ርቀትና አንደኛው ከገዛ ምስሉ ያለው ርቀት እኩል ሲሆን ነው። ጥንካሬያቸውም በቦታቸው ይወሰናል።

ቀጥሎ ፎፕል መንታዎቹን በሐሳቡ ነካ አደረጋቸው። ሁለቱንም እኩል፣ አንዱን እንደ ሌላው አድርጎ ሲነካቸው በቦታቸው ዙሪያ ትንሽ ዞር ዞር ብለው ይኖራሉ፤ አይሸሹም። አንዱን ከፍ ሌላውንም ከፍ አድርጎ፣ ሚዛናቸውን አዛብቶ ሲነካቸው ግን አለቀ። መዛባቱ ራሱን ያባዛል፤ አንዱ ያመልጣል፤ ሌላው ይከተላል። እንግዲህ የስልክ ሽቦው ዘፈን የሚወለደው እዚህች ቦታ ላይ ነው። ጣታችሁ ላይ በትር አቁማችሁ ታውቃላችሁ? ቀጥ ብሎ መቆም ይችላል፤ ሒሳቡ ይፈቅድለታል። ግን ትንሽ ዘንበል ካለ ማዘንበሉ ሌላ ማዘንበል ይወልዳል።

ፎፕል ነገሩን እዚህ አቆመው። ብዙም ሳይቆይ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣና የአዙሪት ሒሳብ ወደ ሌላ ሥራ ዞረ፤ አውሮፕላን መሸከም። በዚህም መንገድ ነው ወደ እኛ ሰፈር የደረሰው።

ክንፍ አውሮፕላንን እንዴት ያነሳል? ጀርመናዊው ኩታ በ1902፣ ሩሲያዊው ዡኮቭስኪ በ1906 እ.ኤ.አ. የሰጡት መልስ፣ ክንፍ ራሱ እንደ አንድ ትልቅ የታሰረ አዙሪት ነው የሚል ነው። በዙሪያው ነፋስን ያዞራል፤ የሚያነሳው ኃይል የሦስት ነገሮች ብዜት ነው፦ የአየሩ ክብደት፣ የአውሮፕላኑ ፍጥነትና የአዙሪቱ ጥንካሬ። ፕራንትል በ1918 እና 1919 እ.ኤ.አ. ይህንን ይዞ ሙሉ ክንፍ የሚሰላበትን ዘዴ አወጣ፤ የዚያ ዘመን የክንፍ ስሌት መሠረት እሱ ሆነ።

ከሦስቱ የመጀመሪያውን ያዙልኝ፤ የአየሩ ክብደት። ኢትዮጵያ አውሮፕላን ያየችው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ ፖቴዝ 25 የተባለችው የፈረንሳይ ሥሪት አዲስ አበባ የደረሰችበት ቀን። በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት አውሮፕላን ካስተናገዱት ቦታዎች አንዱ የእኛው ጃን ሜዳ ነበር። የፈረስ ጉግሥ፣ የሠራዊት ሰልፍ፣ ጥምቀት፣ አውሮፕላን… ያልቻለው ነገር የለም። (በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ አትክልት ተራን ሳይቀር ተሸክሟል።) ሆኖም ሜዳው ያለው ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው ጋር ሲመዛዘን ከአምስት እጅ አንዱ የለም። ስለዚህ አብራሪው ያንኑ ክብደት ለማንሳት ከአሥር በመቶ በላይ ፈጥኖ መሮጥ አለበት፤ የሚሮጥበትም ሞተር በሳሳ አየር ደክሟል። ፍጥነቱን ካጣ የሚቀረው ሦስተኛው ነገር ነው፤ አፍንጫውን ቀና አድርጎ አዙሪቱን ማጠንከር። እሱም ልክ አለው። ከልክ በላይ ቀና ካለ ነፋሱ የክንፉን ጀርባ ይለቃል፤ ታስሮ የነበረው አዙሪት ተፈትቶ ይሄዳል፤ አውሮፕላኑም ከእሱ ጋር ወደ ታች ይሄዳል።

በጥቅምት 1923 ዓ.ም.፣ ከንግሥ በዓሉ በፊት በነበረው ልምምድ፣ ትሪኒዳድ ተወልዶ ሃርለም ላይ ዝና ያተረፈው ሁበርት ጁልያን የንጉሡን ጂፕሲ ሞዝ አስነስቶ ባሕር ዛፍ ላይ ሰካት። ነፍሱ ተረፈች፤ ከአገር ግን ተባረረ። የአንድን ሰው አደጋ በሙሉ በሳሳ አየር ላይ መለጠፍ ደግ አይደለም፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን ደካማ ሞተር ይዞ ከዚህ ከፍታ መነሳት ምን ማለት እንደሆነ ከላይ ያለው ብዜት ይነግራችኋል። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ውስጥ፣ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበርና ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች የሠሯት "ፀሐይ" በረረች። በንጉሡ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም ነው የተሰየመችው። ጣልያን ማርኮ ወሰዳት፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመለሰች። ያቺ አንዲት አውሮፕላን በጦርነት መካከል ከዚህ ከፍታ መነሳቷ ብቻ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ከክንፍ ጫፍ የሚፈታው አዙሪት ዛሬም ቦሌ ላይ ሕግ ያወጣል። ትልቅ አውሮፕላን ከኋላው ሁለት ረጃጅም አዙሪቶች እንደ ጅራት ይጎትታል፤ በሒሳብ ሁለት መስመር አድርገን ስንስላቸው በመካከላቸው ያለው ርቀት ከክንፉ ስፋት 78 በመቶ ያህል ነው። ከትሪፕል ሰቨን ኋላ የምትመጣ ዳሽ ኤይት እዚያ ጅራት ውስጥ ብትገባ ትገለበጣለች። ስለዚህ በዓለም አቀፉ ደንብ በመካከላቸው 5 የባሕር ማይል፣ ከ9 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ይጠበቃል። "ለምን ሰማይ ላይ ያዞሩናል?" ብላችሁ ላጉረመረማችሁበት ደቂቃ ከሚጠየቁት አንዷ ይህቺ ናት።

ነጥቧን እንዲህ ሳሞግሳት አምልኮ እንዳይመስልባችሁ። ኅዳር 7 ቀን 1940 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታኮማ ድልድይ በተመረቀ በአራት ወሩ በሰዓት 68 ኪሎ ሜትር በሚሆን ነፋስ ተጠማዝዞ ወደቀ። ፊልሙን ያላያችሁ ፈልጋችሁ እዩት። ለረጅም ጊዜ በትምህርት ቤት የተነገረው ማብራሪያ "የካርማን አዙሪቶች ከድልድዩ ምት ጋር ገጠሙ" የሚል ነበር፤ ከመርማሪዎቹም አንዱ ካርማን ነበር። ግን ቁጥሩ አይገጥምም። በዚያ ነፋስ አዙሪቶቹ በሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል ይላቀቃሉ፤ ድልድዩ የሚጠማዘዘው በደቂቃ 12 ጊዜ፣ ማለትም በአምስት ሰከንድ አንዴ ነበር። ድልድዩን የጣለው የራሱ መጠማዘዝ ከነፋሱ ኃይል እየሳበ ራሱን ማባዛቱ ነው። ቀላል ሞዴል ያለቦታው ሲገባ እንዲህ ያሳስታል፤ የሚያሳስተውም ስለሚጥም ነው።

ታዲያ የፎፕል መንትዮች ምን ሆኑ? ለሰማንያ ዓመት ያህል የመማሪያ መጻሕፍት ጌጥ ሆነው ኖሩ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ግን ሁለት ሰፈሮች ተገናኙ፤ የፈሳሽ ሰዎችና የቁጥጥር ሰዎች። የቁጥጥር ሰዎች የሚባሉት ሮኬት ቀጥ ብሎ እንዲበር፣ ፋብሪካ ሙቀቱን እንዲጠብቅ የሚያደርጉት ናቸው። እነሱ የሚያውቁት፣ ለእኔም የዚህ ሁሉ ታሪክ እምብርት የሆነው ነገር፣ እያየ የሚያርም ሰው ሙሉ እውቀት አያስፈልገውም የሚለው ነው። ከእንጦጦ ጫካ የማገዶ ሸክም ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱትን እናቶች አስቡ። የሸክሙን ክብደት በኪሎ፣ የመንገዱን ማዘንበል በዲግሪ ማንም አልነገራቸውም። ሸክሙ ሲያዘነብል ይሰማቸዋል፣ ያርማሉ፤ ሲያዘነብል ይሰማቸዋል፣ ያርማሉ። ጭንቅላታቸው ውስጥ ያለው "ሞዴል" ግምት ነው። ቶሎ ቶሎ ስለሚታረም ግን ይበቃል። ሞዴሉ ሲሳሳት ስህተቱ በሚቀጥለው ቅጽበት ይታያል፤ ሳያድግም ይያዛል።

በ1994 እና 1996 እ.ኤ.አ. ሉካ ኮርተሌዚ የሚባል ተመራማሪ ይህን በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ሞከረው፤ በወረቀትና በኮምፒውተር ማለቴ ነው። ከሰሌዳው ኋላ አየር የምትስብ አንዲት ቀዳዳ አደረገ፤ ከኋላ ያለውን አዙሪት በነጥብ ወከለው፤ ነፋሱ ሲለዋወጥ ቀዳዳዋ ምን ያህል መሳብ እንዳለባት ከነጥቧ ቦታ አሰላ። በ2004 እ.ኤ.አ. ደግሞ ካናዳ በማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ባርቶሽ ፕሮታስ የ1913ን የፎፕል መንትዮች ከመደርደሪያ አወረዳቸው።

የፕሮታስ ዕቅድ ይህ ነው። ከሲሊንደሩ ኋላ የነፋሱን ፍጥነት የሚለካ ሴንሰር አለ። ከሴንሰሩ የመጣውን ቁጥር ይዞ መንትያዎቹ አሁን የት ናቸው ብሎ ይገምታል፤ አራት ቁጥር ብቻ። ከግምቱ ተነስቶ ሲሊንደሩን ራሱን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ትንሽ ያሽከረክረዋል፤ ያዘነበለው በትር እንዲቃና። ልክ ጣታችሁን ከበትሩ በታች እንደምታንቀሳቅሱት። እዚህ ላይ አንድ ችግር ይመጣል። ሲሊንደር ማሽከርከር ሚዛን የሚያዛባውን እንቅስቃሴ ነው የሚነካው፤ ሁለቱም መንትዮች እኩል የሚንቀሳቀሱበትን ዓይነት ከቶ አይነካውም። ግማሹ ከእጅህ ውጭ ነው ማለት ነው። ግን ፎፕል በ1913 ምን ነበር ያለን? እኩል ሲነኩ አይሸሹም። የማይታዘዘው ግማሽ፣ ማዘዝ የማያስፈልገው ግማሽ ሆኖ ተገኘ! ይህቺን ሳነብ ከወንበሬ ብድግ ነው ያልኩት።

ዋናው ፈተና የነበረው ግን በነጥቦች የተሠራው ተቆጣጣሪ ነጥብ ባልሆነው ፈሳሽ ላይ ይሠራል ወይ የሚለው ነው። ፕሮታስ ሙሉውን የናቪየርና ስቶክስ ቀመር በኮምፒውተር አስኬደ፤ አራት ቁጥር ብቻ የሚያውቀውን ተቆጣጣሪ እዚያ ላይ ሾመው። የአዙሪቶቹ መመላለስ ቀነሰ። ከ91 ዓመት በፊት በእጅ የተሰላ ሒሳብ፣ ፍትጊያ የማያውቅ፣ የአዙሪት እርጅና የማያውቅ፣ እውነተኛውን ፈሳሽ ገራው።

በዚህ ጉዳይ ላይ የተለመደው ወሬ "ትልቅ ኮምፒውተር ያለው ያሸንፋል" ነው፤ እኛም አገር ይሄ ወሬ እንደ ሰበብ ያገለግላል። ከጃን ሜዳ በእግር ወደሚደረስበት አምስት ኪሎ ካምፓስ ሂዱና ጠይቁ፤ "ላብ የለም፣ ሰርቨር የለም" ይሏችኋል። ግማሹ እውነት ነው። የፎፕል ሞዴል ግን አራት ቀመር ነው፤ ያረጀ ላፕቶፕም አይከብደውም፤ መብራት ቢሄድ እንኳ በባትሪው ይጨርሰዋል። የሂመንትስም ቤተ ሙከራ ውኃ የሚፈስበት ቦይና ቀጥ ያለ ሲሊንደር ነበር። ከዚህ ሥራ ውስጥ ውድ የሆነው እቃው አይደለም፤ "ሁልጊዜ ይወዛወዛል" ሲባል ሰምቶ ነገሩን በቁም ነገር የሚወስድ ሰው ነው። ለሰው ደግሞ እዚህ ሰፈር አንታማም።

እርግጥ ሥራው አላለቀም። ፕሮታስ ተቆጣጣሪውን የሞከረው የሬይኖልድስ ቁጥር የሚባለው 75 በሆነበት ነው። ይህ ቁጥር ፈሳሹ ምን ያህል እንደሚናወጥ የሚናገር ሲሆን፣ ከሲሊንደር ኋላ አዙሪት መመላለስ የሚጀምረው 47 አካባቢ ነው። 75 ማለት እንግዲህ ገና መናወጥ የጀመረ፣ ለስላሳ፣ ጨዋ ፈሳሽ ነው። አሁን ጃን ሜዳ ላይ 6 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር የባንዲራ ምሰሶ አቁሙና በሰከንድ 3 ሜትር፣ ማለትም ጥላ የማይገለብጥ፣ ነፋስ ልቀቁበት፤ ቁጥሩ ወደ 10 ሺህ ይጠጋል። እዚያ አዙሪቶቹ በሁለት ነጥብ የሚያዙ አይደሉም፤ በየአቅጣጫው ይሰነጣጠቃሉ።

ለዚህ የተገኘው የቅርቡ መንገድ ነጥቦቹን መተው ሳይሆን ማብዛትና በየቅጽበቱ ማረም ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ዳራካናንዳ፣ ኤልድሪጅና ባልደረቦቻቸው የክንፍን አዙሪቶች በነጥቦች ወከሉ፤ ክንፉ ላይ ከሚለካው የአየር ግፊት እየተነሱም የነጥቦቹን ቦታና ጥንካሬ በየጊዜው አስተካከሉ፤ የአየር ትንበያ ባለሙያዎች የነገውን ዝናብ ትንበያ በሚያርሙበት ዓይነት ስልት። ድንገተኛ ነፋስ ሲመጣ ሞዴሉ አስቀድሞ አያውቀውም፤ ከግፊቱ ግን ያነበዋል። ትንንሽ ድሮኖች በሕንፃዎች መካከል ሲበሩ የሚገጥማቸው ዋና ችግር ይህ ድንገተኛ ነፋስ ነው፤ ከእንጦጦ ወርዶ በሽሮ ሜዳ ቤቶች መካከል የሚጠማዘዘውን ጨምሮ። ነጥቦቹ በሁለት ገጽታ ወረቀት ላይ ናቸው፤ የእንጦጦ ነፋስ ሦስት ገጽታ አለው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ሒሳብ ገና እየተሠራ ነው።